የትራክተርና የኮምባይነር መለዋወጫ ከወኪል ሲፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እህል ደርሶ ኮምባይነር ሲቆም፣ ያስቆመው ብዙ ጊዜ ከመዳፍ የማይበልጥ ኩሽኔታ፣ አንድ ችንጋ ወይም ከንፈሩ የተበላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ የጎማ ቀለበት) ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ እንኳ ቀናት የሚባክኑበት ጊዜ አለ፤ ገዢውና ሻጩ ስለ አንድ ዕቃ የሚነጋገሩ እየመሰላቸው በልባቸው የያዙት ሁለት የተለያየ ዕቃ ስለሚሆን። ከታች ያሉት መልሶች ትኩረታቸው እዚህ ላይ ነው።

የማሽኑን ስምና ሞዴል ነግሬያቸው ሳለ ሴሪያል ቁጥር የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?

ሞዴሉ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። አንድ ሞዴል ለብዙ ዓመት ሊመረት ይችላል፤ በመሃል ግን አምራቹ የውሃ ፖምፓውን፣ የፍሪሲዮን ዲስኩን ወይም የፊት እግሩን ኩሽኔታ ይቀይራል። ከውጭ ሲያዩት ቀለሙም ኮፈኑም ያው ነው። ካታሎጉ ውስጥ ግን አንዱ ዕቃ «እስከዚህ ቁጥር ድረስ»፣ ሌላው «ከዚህ ቁጥር ጀምሮ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። ቁጥር ሳያይ ዕቃ የሚያወጣ ሻጭ እየገመተ ነው። አጥብቆ የሚጠይቅዎት ሻጭ የሚጠቅምዎት እሱ ነው።

ሌላው ልብ የማይባለው፣ አንድ ትራክተር ላይ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። የማሽኑ (የሻሲው) ሰሌዳ አለ፤ አዳዲሶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በድምሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ሞተሩ የራሱ ቁጥር አለው። የናፍጣ ፖምፓው ጎኑ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለበት። ካምቢዮውና የፊት አክስሉም ብዙ ጊዜ የራሳቸው አላቸው። የፒስተን ፋሻ ሲፈልጉ የሞተሩን፣ የናፍጣ ፖምፓ መጠገኛ ሲፈልጉ የፖምፓውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። በተለይ ሞተሩ ከዚህ በፊት የተቀየረ ያገለገለ ትራክተር ከሆነ፣ የሻሲው ቁጥር ለሞተር ዕቃ አይረዳም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አይነበብም። ምን ላድርግ?

በናፍጣ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። የብረት ብሩሽ አያስነኩት፤ ቀጭኑን የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይፍቅና የቀረውንም ያጠፋዋል። ቁጥሩ ብረቱ ላይ በቀጥታ የተመታ ከሆነ ነጭ ጠመኔ አሽተው ላዩን በስሱ ይጥረጉ፤ ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ስለሚቀር ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእጅ ባትሪ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያብሩበት። ከተነበበ በኋላ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ፎቶ ብቻ በስልክ መበላሸት ስለሚጠፋ ወረቀት ላይም ይጻፉት።

አሮጌው ዕቃ ላይ ያለውን ቁጥር ብሰጣቸው አይበቃም?

አንዳንዴ ይበቃል። ነገር ግን ከብረቱ ጋር አብሮ ተቀልጦ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር የቅርጹ ቁጥር እንጂ የመለዋወጫው ቁጥር ላይሆን ይችላል። ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት አካላት በኋላ በተለያየ መጠን ሊበሱና ሊሞረዱ ይችላሉ፤ የቅርጹ ቁጥር አንድ፣ ዕቃው ግን ሁለት ነው ማለት ነው። በማሽን የተመታውን፣ የተቀረጸውን ወይም በወረቀት የተለጠፈውን ቁጥር ይፈልጉ። ጎልቶ የወጣውንም ጨምረው ይስጡ፣ የትኛው የት እንደነበረ ግን ይንገሩ።

ደግሞም ቁጥር ይተካል። አምራቹ ዕቃውን ሲያሻሽል አሮጌውን ቁጥር ዘግቶ አዲስ ይሰጣል፤ አዲሱም እንደገና ሊተካ ይችላል። ሻጩ በኮምፒውተሩ «ይህ ቁጥር ቀርቷል» ሲል ዕቃው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተተኪው ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። ተተኪው አንዳንድ ጊዜ ብቻውን አይገጥምም፤ ከአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ከረዘመ ቡሎን ወይም ከሌላ ማያያዣ ጋር ነው የሚሠራው። አብሮ የሚገዛ ነገር ካለ ባንኮኒው ላይ ሳሉ ያስነግሩ።

«የለም» ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

ይህ አንድ ቃል ቢያንስ አራት ትርጉም አለው፤ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከባንኮኒው አይራቁ። እዚህ መደርደሪያ ላይ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቅርንጫፍ ይኖራል። ወኪሉ ጋ የለም ግን የአምራቹ ማዕከላዊ መጋዘን አለ ማለትም ይሆናል፤ ይህ የማጓጓዣ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ አምራቹም ጋ አልቆ ታዞ እየተጠበቀ ነው፤ ቀኑን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎት ስለማይችል ሌላ መንገድ መፈለግ ያለብዎት ያኔውኑ ነው። አራተኛው፣ ምርቱ ቆሟል።

ሁለተኛው ከሆነ ማሽኑ ሥራ አቁሞ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ። ብዙ አምራቾች ከተራው ትዕዛዝ የተለየ፣ ለቆመ ማሽን የሚሆን የአስቸኳይ ትዕዛዝ ዓይነት አላቸው፤ ማጓጓዣው ይወደዳል፣ ግን ተራ አይጠብቅም። ሻጩ ካልተነገረው ትዕዛዝዎን ከመደርደሪያ መሙያው ጋር ይልከዋል፣ እርስዎም በከንቱ ይጠብቃሉ።

ሦስተኛውና አራተኛው ከሆነ ሦስት ነገር ያስፈትሹ። አንደኛ፣ ይኸው ቁጥር ሌላ ሞዴል ላይ ይገባል ወይ? ሁለተኛ፣ ዕቃው ብቻውን ባይኖርም ከተገጣጠመው ሙሉ አካል ጋር ይገኛል ወይ? ለምሳሌ የፖምፓው ዘንግ ባይኖር ሙሉ ፖምፓው ሊኖር ይችላል። ሦስተኛ፣ አሮጌውን ማደስ ይቻላል ወይ? የተበላ ዘንግ በብየዳ ተሞልቶ ይሞረዳል፤ የተሰነጠቀ የካምቢዮ ጥርስ ግን በብየዳ አይታመንም።

የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የዕቃውን ቁጥርና ይደርሳል የተባለበትን ቀን ጽፈው እንዲሰጡዎት ያድርጉ። በቃል የተሰጠ ቀን ሻጩ ፈረቃ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል።

ታዲያ ወኪሉ ለምን ሁሉንም ዕቃ አያስቀምጥም?

አንድ ኮምባይነር ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር የተለያየ ዕቃ አለው። ወኪሉ ገንዘቡን የሚያሳርፈው ቶሎ በሚሸጠው ላይ ነው፦ ፊልትሮ፣ ችንጋ፣ ምላጭ፣ ኩሽኔታ። በዓመት አንድ ሰው የሚፈልገውን አያስቀምጥም። ስለዚህ አጨዳ ከመድረሱ ሁለትና ሦስት ወር ቀድመው የሚፈልጉትን ዝርዝር ቢሰጡት ለእርስዎም ለእሱም ይበጃል። ወቅቱ ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ከወኪሉ ውጭ ልገዛቸው የምችላቸው የትኞቹ ናቸው?

በዓለም አቀፍ መለኪያ የተሠሩት ሁሉ። ኩሽኔታን እንውሰድ። ቀለበቱ ጠርዝ ላይ 6205 የሚል ካገኙ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ያባዙ፦ 05 ሲባዛ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት ነው። ይህ አሠራር ከ04 ጀምሮ ይሠራል፤ 00፣ 01፣ 02 እና 03 ግን በቅደም ተከተል 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊ ሜትር ናቸው። የ6205 ሙሉ ልክ 25 በ52 በ15 ነው። 6305ም ቀዳዳው 25 ነው፤ ውጭው ግን 62፣ ወርዱ 17 ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላትም ትርጉም አላቸው፦ 2አርኤስ በሁለቱም ጎን የጎማ መዝጊያ አለው፣ ዜድዜድ በሁለቱም ጎን የቆርቆሮ መከለያ አለው፣ ሲ3 ደግሞ በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ያለ ነው። ሲ3 የነበረበት ቦታ ላይ መደበኛውን ከገጠሙ፣ ሲሞቅና ብረቱ ሲያብጥ ይጨብጣል። አቧራ በበዛበት የኮምባይነር ጎን ላይ ጎማ የነበረውን በቆርቆሮ አይተኩ።

ኦይል ሲል በሦስት ቁጥር ይገዛል። 35 በ52 በ7 ማለት ዘንጉ 35፣ የሚቀመጥበት ቤት 52፣ ወርዱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ላዩ ካልተነበበ አሮጌውን ሲል ሳይሆን ዘንጉንና ቤቱን በካሊፐር ይለኩ፤ ያረጀ ጎማ ልኩን ለቋል።

በቪ ቅርጽ ችንጋ ላይ ኤ የላይ ወርዱ 13፣ ቢ 17፣ ሲ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ርዝመቱን ይናገራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኮምባይነር ዋና ዋና ችንጋዎች በውስጣቸው ያለው ክር ጠንካራ ነው፣ እየላሉና እየጠበቁ እንዲሠሩም ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ልኩ አንድ የሆነ፣ ግን ለፋብሪካ ማሽኖች የተሠራ ተራ ችንጋ ይገባል፣ ይሽከረከራል፣ ጭነት ሲመጣ ግን ይቃጠላል። ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ችንጋዎች ደግሞ አንዱ ቢበጠስም ሁሉም አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አዲሱ አጠር ስለሚል ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል።

ካቴናም (ሰንሰለትም) ቀላል ነው። 50 ቁጥር ማለት ከፒን እስከ ፒን 5 ስምንተኛ ኢንች (15.875 ሚሊ ሜትር)፣ 60 ቁጥር ማለት 6 ስምንተኛ ኢንች (19.05 ሚሊ ሜትር) ነው። ለክሮቼራ (ሁለት ዘንጎችን ለሚያገናኘው መስቀል) የቆቡን ስፋትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ይለኩ። የፒቲኦ (ከትራክተሩ ኃይል ወስዶ ሌላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ሲገዙ ጥርሱን ይቁጠሩ፤ ስፋታቸው አንድ ሆኖ (35 ሚሊ ሜትር ገደማ) 6 ጥርስ ያለው በደቂቃ ለ540 ዙር፣ 21 ጥርስ ያለው ለ1000 ዙር ነው። ለሃይድሮሊክ ሆዝ አሮጌውን ከሁለቱ ጫፎቹ ጋር ይዘው ይሂዱ።

ስለ ቡሎን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ከመጠን በላይ ጭነት ሲመጣ ተቆርጦ ካምቢዮውን እንዲያድን የተቀመጠውን ቡሎን «ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል» ብለው በጠንካራ አይተኩት። የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም ከዚያ የለሰለሰ በተፈቀደበት ቦታ 10.9 ወይም 12.9 ሲገባ ቡሎኑ ይቀርና ጥርሱ ይሰበራል። አንድ ቡሎን ለማዳን ሲባል ካምቢዮ ማጣት ያሳዝናል፣ ደግሞም በየወቅቱ የሚታይ ነገር ነው።

ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ ሌላ?

በቦታው ይወሰናል። መቀመጫ፣ መብራት፣ ቆርቆሮ፣ ፒን፣ የጭቃ መከላከያ ላይ ገንዘብ ቢቆጥቡ የከፋ ነገር አይመጣም። የሞተር ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት)፣ ፋሻ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፍሬን ዕቃና ፊልትሮ ላይ ግን የታወቀ አምራች ይምረጡ። ፊልትሮ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ወረቀቱ፣ ሲዘጋ ዘይቱን የሚያሳልፈው ቫልቮላና ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ ይለያያሉ። ርካሹን ሲይዙ ቀዳዳውን አሻግረው ይመልከቱ፦ ወረቀቱ እኩል ያልታጠፈ፣ የብሎኑ ክር ሻካራ፣ ጎማው ደረቅ ከሆነ ይተዉት።

ከሁለቱ መሃል ሦስተኛ አማራጭ አለ። የትራክተር አምራች ኩሽኔታውን፣ ፖምፓውንና ፊልትሮውን ብዙ ጊዜ ራሱ አይሠራውም። ያው ዕቃ የሠራው ኩባንያ በራሱ ስም በታሸገ ሳጥን ሲሸጠው ይረክሳል፤ ጥራቱ ያው ነው።

አዲስ የገጠምኩት ዕቃ ወዲያው ተበላሸ። ዕቃው ነው ጥፋቱ?

አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አሮጌውን ያበላሸው ምክንያት ሳይነካ ስለቀረ ነው። ኦይል ሲል ቀይረው ዘይቱ እንደገና ካንጠባጠበ ዘንጉን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ የቱንም ያህል አዲስ ሲል አይዘጋውም። ችንጋ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ፑሊዎቹ ትይዩ አይደሉም። የናፍጣ ፖምፓ ተጠግኖ በወሩ ከተበላሸ ታንኩን ከፍተው ይዩ፤ ዝገትና ውሃ ይገኛል።

ኩሽኔታ ራሱ ይናገራል። የኳሶቹ መሄጃ ላይ በኳሶቹ ልክ ተራርቀው የተቀመጡ ትንንሽ ጠባሳዎች ካሉ፣ ሲገጠም በመዶሻ ተመትቶ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፏል። ዘንግ ላይ ጠብቆ የሚገባ ኩሽኔታ በውስጥ ቀለበቱ፣ ቤት ውስጥ ጠብቆ የሚገባ በውጭ ቀለበቱ ነው የሚገፋው። የውስጥ ቀለበቱ ቀዳዳ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ደግሞ ዘንጉ ላይ እየዞረ ነበር፤ ዘንጉ ቀጥኗል፣ ሌላ ኩሽኔታ መግዛት አይፈታውም።

የማሽኔ አምራች ስሙ ጠፍቷል። ዕቃውን ማን ይዞታል?

ስም ሲጠፋ መለዋወጫው አብሮ አይጠፋም፤ የገዛው ኩባንያ ብዙ ጊዜ ይዞት ይቀጥላል። የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የእርሻ መሣሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1985 ከኬዝ ጋር ተቀላቅሎ ኬዝ አይኤች ሆነ። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1991 ፎርድ ኒው ሆላንድን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ኬዝና ኒው ሆላንድ ተዋህደው ሲኤንኤች የተባለው ኩባንያ ተፈጠረ። ስለዚህ የድሮ ፎርድ ወይም ፊያት ትራክተር ያለው ሰው የኒው ሆላንድን ወኪል ይጠይቅ። ማሴ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አግኮ የተባለው ኩባንያ ነው የያዘው። ፐርኪንስ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የካተርፒላር ኩባንያ ቢሆንም በራሱ ስም ይሸጣል፤ ማሴ ፈርጉሰን 135ን በመሰሉ ትራክተሮች ላይ ያለው ሞተር ፐርኪንስ ስለሆነ፣ የትራክተሩ ወኪል ጋ ያጡትን የሞተር ዕቃ በሞተሩ ቁጥር ፐርኪንስ የሚሸጥ ቤት ሊያገኙት ይችላሉ።

እጄ ላይ ምን ምን ላስቀምጥ?

በሰዓት ያስቡት። ብዙ ትራክተሮች ላይ የሞተር ዘይትና ፊልትሮው በ250፣ የናፍጣ ፊልትሮ በ500፣ የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ዘይት በ1000 ሰዓት ይቀየራል፤ የእርስዎን መመሪያ መጽሐፍ ይዩ። በዚህ ስሌት ለ1000 ሰዓት ሥራ 4 የዘይት፣ 2 ዙር የናፍጣ፣ 1 የሃይድሮሊክ ፊልትሮ ያስፈልጋል። የናፍጣው ላይ አንድ ትርፍ ይጨምሩ፤ ቆሻሻ ናፍጣ ከተሞላ ሰዓቱን አይጠብቅም። በተጨማሪ አንድ የማራገቢያ ችንጋ፣ ዐሥር የሚቆረጡ ቡሎኖች፣ የማያያዣ ፒኖች፣ ለማጨጃው ከነሪቬቱ ወይም ከነቡሎኑ አንድ ሃያ ምላጭ፣ ቶሎ የሚሄዱ ሁለት ሦስት ኩሽኔታዎች።

ችንጋን አጥፈው በምስማር ላይ አይስቀሉ፤ ክሩ ይሰበራል። ኩሽኔታን እስኪገጥሙ ድረስ ከወረቀቱ አያውጡ።

ሜካኒክ እንዲመጣልኝ ስደውል ምን ልንገር?

«አልነሳ አለ» ብቻ ከተባለ ሜካኒኩ ባዶ እጁን መጥቶ አይቶ ይመለሳል፣ መንገዱም ይታሰብብዎታል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል ወይስ ጭራሽ ዝም ይላል? ከዞረ ጭስ አለ? ጭሱ ጥቁር፣ ነጭ ወይስ ሰማያዊ ነው? ችግሩ በብርድ ነው ወይስ ሲሞቅ? ስንት ሰዓት ሠርቷል? ከመቆሙ በፊት ምን ተነካ? ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የበራ ምልክት ወይም ኮድ ካለ ፎቶውን ይላኩ። በመጨረሻው ቀን ፊልትሮ ተቀይሮ እንደሆነ አይደብቁ፤ አየር የገባበት የናፍጣ መስመር በስልክ በሚሰጥ መመሪያ ብቻ ሊስተካከል ይችላል።

የኮምፒውተር ምርመራ የሚያደርገው ወኪሉ ብቻ ነው?

በአዳዲስ ማሽኖች ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ገበሬዎችም በዚህ በትክክል ተቆጥተዋል። በአሜሪካ ትራክተር አምራቹ ጆን ዲር ከገበሬዎች ፌዴሬሽን ጋር እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ስለ ጥገና መብት የመግባቢያ ሰነድ ፈርሟል፤ የኮሎራዶ ግዛት ሕግም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አምራቾች የጥገና መረጃ፣ መሣሪያና ዕቃ ለባለቤቱና ለግል ጠጋኙ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ማሽን ሲገዙ ኮዱን ለማንበብ ምን መሣሪያ እንደሚያስፈልግና ለባለቤት ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

የዋስትና ጥያቄዬ ውድቅ እንዳይሆን ምን ልያዝ?

የአገልግሎት ደረሰኝ ሁሉ፣ የተሠራበት ሰዓት ተጽፎበት። የተበላሸውን ዕቃ አይጣሉ፣ አይፍቱትም፤ ማኅተሙ የተነካ ፖምፓ ማንም አይቀበልዎትም። ችግሩ እንደታየ ማሽኑን አቁመው ያሳውቁ፤ እየተንኳኳ የሠራበት ጊዜ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል። ዲስክ፣ ችንጋና ምላጭን የመሳሰሉ በሥራ የሚያልቁ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና ውስጥ አይገቡም።

የገዛሁት ዕቃ ባይሆን ይመልሱልኛል?

ከነሳጥኑ፣ ሳይገጠም፣ ከነደረሰኙ ከሆነ ብዙዎች ይቀበላሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን አንዴ ከተገጠመ አይመለስም፤ ስለዚህ ዲናሞ ወይም ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ያስመርምሩ። በልዩ ትዕዛዝ የመጣ ዕቃም እንዲሁ።

አገልግሎቱ ከተበደልኩበት ለማን ልንገር?

በጽሑፍ ያድርጉት፤ መጀመሪያ ለመለዋወጫ ወይም ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሥራ አስኪያጁ፣ ካልሆነ ለአምራቹ። የማሽኑ ቁጥር፣ የሠራበት ሰዓት፣ የዕቃው ቁጥር፣ የታዘዘበትና ቃል የተገባበት ቀን በአንድ ገጽ ይግቡ። ስድብ የሌለበት፣ ቀን ያለበት ደብዳቤ መልስ ያገኛል።

አዲስ ማሽን ልገዛ ነው። የወኪሉን አቅም አስቀድሜ እንዴት ልወቅ?

ከሽያጭ ክፍሉ በፊት ወደ መለዋወጫው ባንኮኒ ይሂዱ። ሊገዙት ላሰቡት ሞዴል የዐሥር ዕቃዎችን ዝርዝር ይስጡ፦ የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ፣ የማራገቢያ ችንጋ፣ የውሃ ፖምፓ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ሞተሪኖ፣ የፊት እግር ኩሽኔታ፣ የሃይድሮሊክ ፖምፓ ሲል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ስንቱ ዛሬ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ለቀሩት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ እንኳ ከሌሉ ያ ቤት ማሽን ይሸጣል እንጂ አያስተዳድርም። ከዚያ ስንት ሜካኒክ እንዳለው፣ በአጨዳ ወቅት እሑድ የሚከፍት መሆኑንና የመጀመሪያውን፣ ብዙ ጊዜ በ50 ወይም በ100 ሰዓት የሚደረገውን አገልግሎት ማሽኑ ያለበት ድረስ መጥቶ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚሉትንም ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ላይ ያስጽፉ።